ዐርብ ጧት ያጠብኩት ሊሾ

ዐርብ ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። አሞይ ነጠላቸውን ደርበው፣ የአጥሚት ፔርሙዝ በዘንቢል ይዘው ወደ ሆስፒታል ወጡ። የግቢውን በር ከውጭ ሳብ አድርገው ሲዘጉት ሰማሁ። መቀሌ ከመጣሁ ጀምሮ ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል።

አሞይ የአባቴ እኅት ናቸው። በትግርኛ የአባት እኅት እንዲህ ትጠራለች። ከስማቸው በፊት የተማርኩት ይህን መጠሪያ ነው፤ ምክንያቱም አባቴ ጅዳ ሆኖ በስልክ ሲያነጋግራቸው ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ "አሞይ በያት" ይለኝ ነበር። እኔ የተወለድኩትም ያደግኩትም ጅዳ ነው። አባቴ የመቀሌ ሰው ነው፤ እናቴ ወሎ ናት፤ ቤታችን የሚናገረው አማርኛ ነው። ትግርኛ ስሰማ ግማሹ ይገባኛል፣ ስናገረው ግን ምላሴ ይታሰራል። ወደ መቀሌ የመጣሁት ዩኒቨርሲቲ ልገባ ነው። ፓስፖርቴ ኢትዮጵያዊ ነሽ ይለኛል። ቤቱ ግን ቀኑን ሙሉ፣ በእያንዳንዱ ዕቃ፣ እንግዳ ነሽ ይለኝ ነበር።

የሚገርመው ትልልቁ ነገር አልከበደኝም። ብርዱም፣ የእንዳ ኢየሱስ ዳገትም፣ የመብራት መጥፋትም። የከበደኝ ትንንሹ ነው። ጅዳ ቤታችን ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ አይከፈትም፣ ማቀዝቀዣው ሌት ተቀን ያጉረመርማል፣ ሰው ሊመጣ ሲል አስቀድሞ ይደውላል። ሓድነት የሚባለው ሰፈር ያለው የአሞይ ግቢ ግን በሩ ቀን ቀን አይቆለፍም። ሰው "ኣለኹም ዶ"፣ አላችሁ ወይ፣ እያለ ገብቶ ሳሎን ከተቀመጠ በኋላ ነው የመጣ መሆኑ የሚታወቀው። ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ ውስጥ ክፍል እሸሽ ነበር። በሁለተኛው ቀን ዳቦ የመጣበትን ፌስታል ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩ። ጅዳ ምግብ የምንበላው ወለል ላይ በሚዘረጋ ስስ ላስቲክ ላይ ነው፤ ስንጨርስ ከነትርፍራፊው ጠቅልለን እንጥለዋለን፤ ስለዚህ መጣል ለእኔ ማጽዳት ማለት ነበር። አሞይ ፌስታሉን ከቆሻሻው አወጡት። አጠቡትና ገመዱ ላይ፣ ከእኔ ቀሚስ ጎን አሰጡት። ቀኑን ሙሉ ነፋሱ ሲያንኮሻኩሸው ዓይኔን ከሱ ማንሳት አቃተኝ።

አምፖል አብርቼ ከክፍል ስወጣ አሞይ ከኋላዬ እየተከተሉ ያጠፉ ነበር። ሳህኔን ላጥብ ስል ይነጥቁኛል። "እንግዳ ነሽ፣ ተቀመጪ" ይሉኛል። ያን ቃል ሲሉኝ በደግነት ነው፤ እኔ ግን በተቀመጥኩበት እየቀለልኩ የምሄድ ይመስለኝ ነበር። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ሳህኔን ያጥባሉ፣ እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እመለከታለሁ።

ስለ ውሃ የማውቀው ነገር አልነበረም። እዚህ ላይ ራሴን ለመከላከል አይደለም፤ የሆነው እንዲህ ስለሆነ ነው። የመጣሁበት ቀን የሰፈሩ ፈረቃ ነበር። ግቢው ውስጥ ያለው ቧንቧ ሲንፎለፎል ነው የደረስኩት። አሞይ ጀሪካኑን፣ ሳፋውን፣ ድስቱን፣ ማንቆርቆሪያውን ሳይቀር ይሞሉ ነበር። እኔ ደግሞ ውሃ ሁልጊዜ ያለ መስሎኝ፣ ሰዎቹ ዕቃ መሙላት የሚወዱ ናቸው ብዬ አሰብኩ። በማግስቱ ሴቶች በተራ እየገቡ፣ ከማድ ቤቱ ግድግዳ አጠገብ ባለው ሰማያዊ በርሜል ውስጥ ውሃ ሲገለብጡ፣ ሲሳሳቁ፣ አሞይን ሲመርቁ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሰማሁ። ወጥቼ ሰላም ብላቸው ኖሮ ምን እያደረጉ እንደሆነ ይነግሩኝ ነበር። አልወጣሁም። እስኪሄዱ ድረስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስልኬን ስነካካ ቆየሁ።

እና ያን ዐርብ፣ አሞይ ከወጡ በኋላ፣ ሳሎኑ መሐል ቆምኩ። የሰርቪስ ቤቱ ተከራይ የመጀመሪያ ልጇን እንደወለደችና በዚያ ቀን ከሆስፒታል እንደምትወጣ ዐውቃለሁ። ጎረቤት ሁሉ ሊመጣ ነው። ሊሾው ላይ ካለፈው ቀን የቀረ የጭቃ ኮቴ ነበር። ጅዳ ዐርብ ጧት እናቴ ምንጣፉን ሁሉ ታነሳለች፤ ባልዲ ሙሉ ውሃ በሸክላው ወለል ላይ ትለቃለች፤ ጫፉ ጎማ ባለው መግፊያ ወደ ቀዳዳው ትገፋዋለች። አባቴ ለጁምዓ ሲወጣ ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል። እኔም ከጎኗ የሱሪዬን እግር አጥፌ ሳግዛት ነው ያደግኩት። በደንብ የማውቀው የቤት ሥራ ያ ነው። አሞይ ሲመለሱ ቤቱ ሲያበራ ቢያገኙት ከዚያ ወዲያ እንግዳ አይሉኝም አልኩ።

ቧንቧውን ስከፍተው ትንሽ አየር ተነፈሰና ዝም አለ። አሞይ የሆነ ቦታ ዘግተውት የሄዱ መሰለኝ። ወደ በርሜሉ ሄድኩ። አፉ በነጭ ጨርቅ ታስሮ ክዳኑ በላዩ ተደርጓል። ጨርቁን ለአቧራ ነው አልኩ። ፈታሁት፣ አጣጥፌ ክዳኑ ላይ አስቀመጥኩት፣ ባልዲውን ነከርኩ።

የአሞይ ሳሎን ወለል ላይ የውሃ መውጫ የለም። ይህን ያወቅሁት የመጀመሪያውን ባልዲ ከለቀቅሁ በኋላ ነው። በመጥረጊያ እየገፋሁ በደፉ ላይ አሳልፌ ወደ ግቢ አወጣሁት፤ ከዚያ ግቢው ራሱ ጭቃ ሆነብኝና እሱንም አጠብኩ። አንድ ጊዜ ሳሙናው ስላልለቀቀ ደገምኩት። ውሃው በግቢው በር ሥር እየሾለከ ወደ መንገድ ይወርድ ነበር። ከበሩ ትይዩ ሱቅ ያላት ሴት አንገቷን ብቅ አድርጋ ውሃውን አየች፤ በበሩ ክፍተት እኔን አየች። ስለማፍር ሰው ሰላም አልልም፤ ያን ቀን ግን ኩራት ደፋር አድርጎኝ ፈገግ አልኩላት። እሷ ፈገግ አላለችም።

አሞይ አራት ሰዓት ላይ ተመለሱ። ደፉ ላይ ቆመው ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ።

"ማሻ አላህ፤ ቤቴ ነው ይሄ?" አሉ። "ጓለይ፣ ማን ያስተማረሽ እጅ ነው?"

ጓለይ ማለት ልጄ ማለት ነው። እንደዚያ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነበር። ከዚያ በእርጥቡ ሊሾ ላይ ትንሽ ተራመዱና ቆሙ።

"ውሃውን ከየት አገኘሽው?"

በርሜሉን አሳየኋቸው። ሄደው ክዳኑን አነሱ፤ ጎንበስ ብለው ቆዩ፤ ውስጡ የወደቀ ዕቃ የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር።

"ሁሉንም?"

"ትንሽ ቀርቷል" አልኩ። የቀረው አንድ ጆግ የማይሞላ፣ ከታች የተኛ ውሃ ነበር።

አሞይ የማድ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ከዚያ እጃቸው አፋቸው ላይ መሆኑን እኔ እንዳየሁ ገባቸውና አወረዱት።

"ይሄ የኛ አይደለም" አሉ በቀስታ። "የአራሷ ነው። ጎረቤት ሁሉ ከየቤቱ አንዳንድ ጀሪካን አዋጥቶ የሞላው ነው። አራስ ቤት ውሃ ይፈጃል፤ ልጁ ይታጠባል፣ እሷ ትታጠባለች፣ ጨርቁ ይታጠባል።"

"ቧንቧው መቼ ይመጣል?"

"እሱን አላህ ያውቃል። ፈረቃችን አለፈ። አንዳንዴ ሳምንት ነው፣ አንዳንዴ ይረሱናል።" ፊቴን አዩኝ። "አጆኺ፣ አላወቅሽም። ማንም አልነገረሽም። አይዞሽ።"

አይዞሽ ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር። ቢጮሁብኝ የማለቅስበት ምክንያት አገኝ ነበር። ወደ ሳሎኑ ደፍ ተመለስኩ፤ እግሬ ሥር ያለው ወለል እንደ መስታወት ያበራል፤ ፊቴን አየሁበት።

ሌላ ነገር ለማለት ጊዜ አልነበረም። የባጃጅ ድምፅ በሩ ላይ ደረሰ። የአራሷ ባል ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሚስቱንና ልጁን ራሱ አሳፍሮ ነው ያመጣቸው፤ ድንጋዩን ሁሉ እየሸሸ ቀስ ብሎ ገባ። ሴቶቹ ከየቤቱ ወጡ። አሞይ ተነሥተው ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ባጃጇ ሄዱ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አሏት፤ ቅድም ማሻ አላህ ባሉበት አፍ። አራሷ ፊቷ ገርጥቷል፤ በሁለት ሰው ተደግፋ ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ ከግድግዳው ተለጥፌ ቆምኩ። የሱሪዬ ጫፍ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ርሶ ነበር።

ከሴቶቹ አንዷ ሳፋ ይዛ ወጣችና ወደ በርሜሉ ሄደች። ክዳኑን አነሣች።

"ምነው?" አለች። "የት ገባ?"

አሞይ እኔን አላዩኝም። "አፈሰሰብን" አሉ። "ማታ ተሰንጥቆ አድሯል መሰለኝ፤ ጧት ብነሣ ባዶ።"

አሞይ ሶላት የማያሳልፉ ሴት ናቸው። ሲምሉ ሰምቼ አላውቅም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በእኔ ምክንያት፣ ጮክ ብለው ዋሹ። እኔም ቆሜ አስዋሸኋቸው። ያን ጊዜ "እኔ ነኝ" ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ አማርኛውም ትግርኛውም ዐረብኛውም ጠፋኝ።

የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። የአራሷ ባል ይህን ሰማ። ሰውየው ከደስታው ብዛት ለማን ምን እንደሚያደርግ ጨንቆት ቆሞ ነበርና ሥራ በማግኘቱ ፊቱ በራ። እጅጌውን ሰበሰበ።

"አደይ፣ የቱ ጋ ነው የተሰነጠቀው?" አላቸው አሞይን፤ አደይ ማለት እናቴ ማለት ነው። "እኔ እበይደዋለሁ። ብረት አግዬ ላስቲክ ሳቀልጥበት ምንም አይለውም። ይሄን ያህል አድርጋችሁልን ይቺ ምን አላት?"

"ተወው፣ ልጅህ ጋ ግባ" አሉት አሞይ።

"ሴቶች ናቸው ያሉት፤ እኔ ምን እሠራለሁ?"

በርሜሉን ጋደል አድርጎ አዞረው። በጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰው። ታቹን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አየው። የቀረችውን ውሃ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ጠብታ ካለ ብሎ ጎንበስ አለ። የለም። ወደ ሌላው ጎን አዘነበለው። የለም። ሴቶቹ ያዩታል። እሱ ደግሞ ስንጥቁን ባለማግኘቱ እያፈረ "ይገርማል፣ ቀጭን መሆን አለበት" ይላል። ለእኔ ጥፋት እሱ ሲያፍር ማየት ምን እንደሚመስል የምገልጽበት ቃል እስካሁን አላገኘሁም።

ባለሱቋ በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር።

"አንተ ሰው፣ አትድከም" አለችው። "ከአፉ ነው ያፈሰሰው።"

"እንዴት ከአፉ?"

"በአፉ ወጥቶ፣ ሳሎን ገብቶ፣ ግቢውን ዞሮ፣ በሱቄ በር ሲያልፍ ሰላም ብሎኝ ሄዷል። አንተ ስንጥቅ ትፈልጋለህ።"

አንዷ ሳቀች፤ ሌሎቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሰውየው ቀና ብሎ የሚያበራውን ሊሾ በበሩ አየ፤ ከዚያ ሱሪዬን አየ። ፊቴን አላየም። ያን ያደረገው ለእኔ ብሎ እንደሆነ ዐውቃለሁ። በርሜሉን አቁሞ ክዳኑን መለሰ፤ ክዳኑ ላይ አጣጥፌ አስቀምጬው የነበረውን ጨርቅ ከመሬት አንሥቶ አራገፈው።

"ደኅና ነው" አለ። "በርሜሉ ምንም አልሆነም።"

አሞይ መሬት መሬት ያያሉ። በሰፈራቸው ያ ሁሉ ዓመት የኖሩ ሴት፣ በአንድ ጧት ዋሾ አደረግኋቸው።

ሴቶቹ ተበተኑ። ከቤታቸው ጆግ፣ ጣሳ፣ ግማሽ ጀሪካን ይዘው ተመለሱ። ለሁለተኛ ጊዜ መስጠታቸው ነው፤ የሚሰጡት ደግሞ ለራሳቸው ካስቀሩት ላይ ነው። ባለሱቋ ከሱቋ አንድ እሽግ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ተሸክማ መጣች። ለብ እንዲል በድስት ከሰል ላይ ጣዱት፤ ሕፃኑን በሱ አጠቡት።

"እንግዲህ ይሄ ልጅ ያለፈለት ነው" አለች ባለሱቋ የሌላ ጠርሙስ ክዳን እየፈታች። "ገላውን በታሸገ ውሃ ጀመረ። ነገ የቧንቧ ውሃ ሲያይ ይኮራብናል።"

ሁሉም ሳቁ፤ አራሷ ሳትቀር ከመጋረጃው ውስጥ ስትስቅ ሰማሁ፤ ስትስቅ እንዳመማትም ሰማሁ። ባለሱቋ በአጠገቤ ስታልፍ "አንቺ ደግሞ ሱሪሽን ቀይሪ፣ ብርድ ይመታሻል" አለችኝ። ገብቼ ቀየርኩ፤ እርጥቡን ሱሪ የት እንደማደርገው ጠፋኝ፤ ገመዱ ላይ ሁሉም ያየዋል ብዬ አልጋው ሥር ደበቅሁት።

ምሽት ላይ እናቴ ከጅዳ ደወለች።

"አክስትሽን ታግዣለሽ? እንደ እንግዳ ቁጭ አትበይ፣ አደራ።"

"ዛሬ ቤት አጠብኩላቸው" አልኩ።

እናቴ ጎበዝ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። በስልኩ ውስጥ ማቀዝቀዣችን ሲያጉረመርም ይሰማኝ ነበር።

"በምን ውሃ?" አለች።

ወሎ ልጅ ሳለች ውሃ ከወንዝ በጀርባዋ ትቀዳ እንደነበር ነግራኝ ታውቃለች፤ እንደ ተረት ነበር የምሰማው። ለምን በየዐርቡ ያን ሁሉ ባልዲ በሸክላው ላይ እንደምትለቅ፣ ውሃው ወለሉን ሲሸፍን ለምን ትንሽ ቆማ እንደምታየው ያኔ ነው የገባኝ። "በምን ውሃ?" ብላ ስትጠይቀኝ ሁሉንም ዐውቃዋለች። "ሳልነግርሽ ቀረሁ፣ የኔ ጥፋት ነው" አለችኝ። በዚያ ቀን ጥፋቴን የወሰደልኝ ሰው በዛ። አንድም ሰው ለእኔ አላስቀረልኝም።

እራት ላይ አሞይን "ለምን እንደዚያ አሉ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ድምፄ ከራሴ ጆሮ ያለፈ አልመሰለኝም ነበር።

"እንዴት እንደዚያ?"

"አፈሰሰ ያሉት።"

አሞይ እንጀራውን ጠቀለሉ፤ ፈቱ። "የወንድሜ ልጅ ነሽ" አሉ። "ሰፈሩ ገና ፊትሽን አላየም። መጀመሪያ የሚያውቁሽ በዚህ ነገር እንዳይሆን ብዬ ነው።" ቀጥለውም "አልሆነልኝም እንጂ" አሉና ሳቅ አሉ። "ውሸት አልችልበትም። ባለሱቋ አንድ ወር ትስቅብኛለች።"

"ነገ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ አራሷን።"

"ተይው፤ እሷ ምን ቸገራት? ውሃ ተገኘላት።"

"ለነገ አልተገኘላትም" አልኩ።

አሞይ የታጠበው ሳህን ላይ ሌላ ሳህን ደረቡ።

በማግስቱ ጧት ተነሥቼ ከማድ ቤቱ ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች ወሰድኩ። ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ የጉድጓድ ውሃ የሚቀዳበት ቦኖ እንዳለ አሞይ ለሌላ ሰው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ብቻዬን ከግቢው ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ቦኖው ጋ ጀሪካኖች በረጅሙ ተሰልፈዋል፤ ሰዎቹ ግን ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ። እኔ ይህን ሳላውቅ ጀሪካኖቼን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ከመጨረሻው ጀሪካን ኋላ ቆምኩ።

"ጀሪካኑን አሰልፊውና አንቺ ተቀመጪ" አለችኝ አንዲት ሴት። "የሚሰለፈው እሱ ነው።" ከዚያ ትኩር ብላ አየችኝ። "የማን ቤት ነሽ?"

የአሞይን ቤት መጥራት እችል ነበር፤ የአባቴን ስምም እንዲሁ። "ውሃውን የደፋሁት እኔ ነኝ" አልኩ። በትግርኛ ነው ያልኩት፤ ግሱን አበላሽቼዋለሁ መሰለኝ፤ ግን ገባቸው።

ጨዋታው ቆመ። "ኣ፣ የአራሷን?" አለች ሌላዋ።

"አዎ።"

"ማጠብ ትወጃለሽ አሉ" አለች የመጀመሪያዋ። "እዚህ ደግሞ እንዳታጥቢን።" ሳቁ። ሳቃቸው ፊቴን አቃጠለው፤ ጆሮዬ ድረስ ተሰማኝ። ግን አልሄድኩም። ከአጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ተራዬን ጠበቅሁ።

ጀሪካን ሙሉ ውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያውን ስሞላና ላነሣው ስሞክር ውሃ የሚያስቀዳው ሰው "ቀንሺለት፣ አትችይውም" አለኝ። አልቀነስኩም። ሁለተኛውን እንዲጠብቁልኝ ትቼ፣ ያንን ጥቂት እየሄድኩ እያስቀመጥኩ፣ እጅ እየቀየርኩ፣ በባለሱቋ በር አለፍኩ። እሷ ሱቋን እየከፈተች ነበር፤ አየችኝና መክፈቷን ቀጠለች።

አራሷ ነቅታ ልጇን ታጠባ ነበር። በሩ ላይ ቆምኩ። ባሏ ወጥቷል።

"ትናንት ውሃሽን የደፋሁት እኔ ነኝ" አልኳት። "በርሜሉ አልተሰነጠቀም። አሞይ ለእኔ ብለው ነው።"

"ዐውቃለሁ" አለች። ድምፅዋ ደክሟል፤ ቁጣም ደግነትም የለበትም። ሕፃኑን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረችው። "ጀሪካኑን ከበሩ ጀርባ አድርጊው፤ እዚያ ሰው ይሰናከልበታል።"

ከበሩ ጀርባ አደረግሁት። ከአልጋዋ ሥር ባለው ሳፋ ውስጥ የሕፃኑ ጨርቆች ተከምረው ነበር። "እነዚህን ላጥባቸው?" አልኳት።

እጄን አየች።

"በስንት ውሃ?" አለችኝ።

"አንቺ በምትሰጪኝ" አልኩ።

ከአልጋዋ ራስጌ ያለውን አንድ ጣሳ ውሃ አቀበለችኝ። ሳፋውን ይዤ ወደ ግቢ ወጣሁ፤ ግድግዳው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ አጠብኳቸው። ሳሙናው ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ጨርቆቹን ገመዱ ላይ አሰጣሁና ሁለተኛውን ጀሪካን ላመጣ ወደ ቦኖው ተመለስኩ።